በቫልቩ ላይ የተጠቀለለ ወረቀት

አዲስ አበባ፣ ወሰን፣ ከሱቄ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምዓለም ማቲዎስ፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህ ብዙነሽስ እንዴት ናት? የድሬዳዋ ሙቀት በረድ አለላችሁ? እኛ ደህና ነን። ሰላምታው ይህን ያህል ይበቃል፤ ዛሬ ሆዴ ተቆጥቷል፣ ብጨምርበት ውሸት ይሆንብኛል።

አባባ ያለፈውን ደብዳቤዬን እንዴት ተቀበሉት ብለህ ጠይቀሃል። እንዴት ይቀበሉት? እንደ ወንጌል ነዋ! ትናንት እሑድ እንደ ልማዴ ከቤቴ ከየካ አባዶ ተነስቼ፣ ሦስት ታክሲ ቀይሬ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወረድኩ። ከዚያ ያንን የእንጦጦ ዳገት በእግሬ ወጣሁት። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴም የሚያወራው ብዙ ነው። ቤት ስገባ ግን “ደከመሽ ወይ?” የለም። “ከማቲዎስ ወረቀት መጣ?” ነው። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ አንተን የሚያዩህ በእኔ አፍ ነው። ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ካልሰሙ ደግሞ ደብዳቤ አይመስላቸውም።

አነበብኩላቸው። “ሁለተኛዋ ቫልቭ ስትሞቅ ትስላለች” ያልክበት ቦታ ስደርስ አልጋውን በመዳፋቸው መቱት። “ድገሚው” አሉኝ፤ ደገምኩት። ሦስተኛም አስደገሙኝ። እኔ እኮ ያቺን አምፖል የምታክል የመስታወት ቫልቭ ሰምተህ እንድትፈርድባት ስልክልህ በተጠቀለለችበት ወረቀት ላይ “ከሞቀች በኋላ ታቋርጣለች” ብዬ ጽፌ ነበር። እኔ ስለው ማን ሰማኝ! አንተ “ትስላለች” ስትለው ጥበብ ሆነ።

ከዚያ ያው የመጋረጃው ታሪክ መጣ። አንተ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነህ ከመጋረጃ ጀርባ ቆመህ፣ ከአምስት ቫልቭ የታመመችውን በድምፅዋ ብቻ የለየህበት ቀን። “የማቲዎስ ጆሮ!” አሉ እንደ ሁልጊዜው። እኔም እኮ ያን ቀን ነበርኩ። ቫልቮቹን አንድ በአንድ ያቀበልኳቸው እኔ ነበርኩ። ስድስት ዓመቴ ነበር፣ አንዷንም አልሰበርኩም። ይህን የሚያስታውስ የለም። አምፕሊፋየር በእጃቸው ሠርተው የሰጡት ለአንተ ነው፤ ለእኔ የደረሰኝ ካቻቢቴ ነው። በቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ? ያ ጠበል እኔ ነኝ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። አባባ ሳጥኑን ሊሰጡ ነው። ያንን ስልሳ ምናምን ቫልቭ ያለበትን የእንጨት ሳጥን፣ እኛ ልጆች ሆነን ክዳኑን ለመንካት እጃችንን እንታጠብለት የነበረውን። “ለሚገባው ልጅ ነው የምሰጠው” አሉ። ባለፈው ወር ከሥሩ አራት ባለ ቡናማ እግር ኢኤል 34 የሚባሉ ቫልቮች አገኘሁ። አራቱም ላይ ያው የሆላንድ ፋብሪካ ስም ታትሟል፤ ግን ሁለቱ ላይ የታተመው በኋላ በሰው እጅ እንደሆነ ጠረጠርኩ። አባባ እንዳስተማሩን መስታወቱን በጨርቅ አልነካሁም፤ አንዴ ከተወለወለ ጽሑፉ ተመልሶ አይመጣም። በትንፋሼ እያስተነፈስኩ አነበብኩ። ከዚያ ግርጌው ላይ በአሲድ የተጻፈችውን ደቃቅ ቁጥር ፈለግሁ። “ስማቸውን አትመኚ፣ አጥንታቸውን እዪ” ይሉን አልነበር? ሦስት ቀን ፈጅቶብኝ ሁለቱን እውነተኞች ለየሁ። በፈተሻም ጸጥ ያሉ፣ የሚያማምሩ ናቸው።

ይህን ሁሉ ስነግራቸው ምን አሉኝ መሰለህ? “ጥሩ። ሁለቱን ለማቲዎስ ላኪለት። እሱ ሰምቶ ይፍረድ፤ ስለ ሳጥኑ ከዚያ በኋላ እናገራለሁ።”

ይፍረድ! ለራሳቸው ቀጭኑ ድምፅ አይሰማቸውም፣ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። እኔ ግን እፊታቸው ጆሮ ይዤ ተቀምጫለሁ። ማቲዎስ፣ ቀናሁብህ። ልደብቅህ አልችልም። ሳጥኑን ሸጬ የሚያልፍልኝ ነገር የለም። አንድ ቀን “ሥርጉት፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?” ብለው እንዲጠይቁኝ ነው የምፈልገው። ይኸው ነው።

ደግሞስ ስልክ የማታነሳው ለምንድን ነው? በደወልኩ ቁጥር “አሁን ወጣ” የምትለኝ ብዙነሽ ናት። ከእኔ ጋር ማውራት ከክብርህ በታች ከሆነ በግልጽ ንገረኝ።

እህትህ ሥርጉት

*

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህትዓለም፣

ይህን ገጽ ለአባባ አታንብቢ። የእሳቸውን ለብቻው ጽፌ አጥፌዋለሁ።

ክብር ብሎ ነገር ምን አለኝና ከአንቺ ጋር ለማውራት ይቀንስብኛል? ስልኩ አሮጌ ነው፣ ኔትዎርኩም እንደ ልቡ ነው የሚመጣው የሚሄደው። ደግሞ እኔ ወረቀት ይሻለኛል። ይህን ጥያቄ ለሌላ ቀን አቆዪልኝ፤ አልተቀየምኩሽም።

ቀናሁ ስላልሽኝ አትፈሪ። እኔም ብዙ የምቀናበት ነገር አለኝ፤ እሑድ እሑድ ማን አልጋቸው ጫፍ ላይ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። እማማ ካረፈች አራት ዓመት ሆነ፤ ለቀብሯ ከመጣሁ ወዲህ ያንን ዳገት አላየሁትም። ለምን አትመጣም ብለሽ ደግሞ ባለፈው ጠይቀሽኝ ነበር። እመጣለሁ።

ሁለቱን ቫልቮች በኦልያድ አውቶቡስ ላኪልኝ። እሱ ከአጠገቡ አያርቃቸውም፣ የታመነ ሾፌር ነው። አንድ ነገር ግን አደራሽን። አባባ “ቫልቭ ያለ ወረቀቷ አትጓዝም” ይሉን ነበር፤ የት ተገኘች፣ መቼ ተፈተሸች፣ ምን ተሰማ። ያንን ልማድ እንዳትተዪው። የሰማሽውን ሁሉ ጻፊ። ትንሿንም ሲርሲርታ እንዳታልፊያት።

የሚወድሽ ማቲዎስ

*

ወሰን፣ ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርከው ወንድሜ ለማቲዎስ ወልደ ሐዋርያት፣

ለጤናህ እንደምን አለህልኝ? እኔ አምላክ ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። አባባም ደህና ናቸው። ሱቁም ደህና ነው፤ ጉርድ ሾላ ካፌ የከፈቱ ልጆች ሸክላ ማጫወት ጀምረው አምፕሊፋየር እያመጡልኝ ነው። አየሩም ደህና ነው።

ሁለቱን ቫልቮች ልኬልሃለሁ። አባባ ፍርድህን በጉጉት ይጠብቃሉ። እኔም እጠብቃለሁ።

ባለፈው ስለ ቅናት የጻፍኩትን እርሳው። ተሳስቼ ነው፤ ይቅርታ።

አክባሪ እህትህ ሥርጉት

[በቫልቮቹ ላይ የተጠቀለሉት ወረቀቶች]
ቁጥር 1፦ ከአባባ ሳጥን። ጥቅምት 24 ተፈተሸች። ንጹሕ።
ቁጥር 2፦ ከአባባ ሳጥን። ጥቅምት 24 ተፈተሸች። ንጹሕ፣ በጣም ጸጥ ያለች።

*

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለአቶ ወልደ ሐዋርያት፣

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ስሜያለሁ። በዓይኔ እስካይዎ ድረስ ሥርጉት በእኔ ፈንታ ትሳምልኝ።

ቫልቮቹ በደህና ደረሱኝ። እርስዎ በሠሩልኝ አምፕሊፋየር ላይ ሰክቼ ግማሽ ሰዓት አሞቅኋቸው፤ እንዳስተማሩኝ ሳልቸኩል። ከዚያ የክራር ሸክላ አደረግሁ። አባባ፣ ሁለቱም ንጹሕ ናቸው። በተለይ ሁለተኛዋን ምን ብዬ ልንገርዎ! ጣት ከክሩ ላይ ሲነሳ ይሰማል። ሸክላው ካለቀ በኋላ እንኳ ጸጥታዋን እያዳመጥኩ ቆየሁ። እንዲህ ያለች ጸጥተኛ ቫልቭ በእጄ ገብታ አታውቅም።

ልጅዎ ማቲዎስ

ሥርጉትዬ፣ ግሩም አድርገሽ መርጠሻል። ይህንንም ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

*

ወሰን፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማቲዎስ፣

አባባ ምን አሉ ብለህ በኦልያድ አስጠይቀኸኛል። እነግርሃለሁ፣ መጀመሪያ ግን ቁጭ በል።

ሁለተኛዋ ቫልቭ ከአባባ ሳጥን አይደለችም። እውነተኛዋን እዚህ አስቀርቼ፣ ከሱቄ የወዳቂ ቆርቆሮ ውስጥ ያወጣኋትን ነው የላክሁልህ። ስትበራ ታምራለች፤ ቀይ ፍም ናት። ግን እንደ ትንኝ ትጮኻለች። ሸክላ ሳይኖርም ትጮኻለች። ወረቀቱ ላይ “ጸጥ ያለች” ብዬ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። አርባ ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር በቫልቭ ወረቀት ላይ የጻፍኩት የመጀመሪያው ውሸት እሱ ነው።

ልፈትንህ ፈልጌ ነው። እሱም ውሸት ነው፤ ልጥልህ ፈልጌ ነው። ወይ ታገኛታለህና “የማቲዎስ ጆሮ” እውነት መሆኑን አምኜ እገላገላለሁ፤ ወይ ታልፋታለህና አባባ ይሰሙታል። ደብዳቤህን ሱቄ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። “እንዲህ ያለች ጸጥተኛ” የሚለው ላይ ስደርስ ደስ አለኝ። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ስነግርህ አፍራለሁ። ሳቄን ሰምታ የጎረቤት ጫማ ሻጭ ብቅ ብላ አየችኝ።

እሑድ ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም፣ ጉልበቴ እንኳ ዝም ብሎ ነበር። አባባ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ትራሳቸውን ደገፍ ብለው ጠበቁኝ። ሰላምታህን አነበብኩ። ጉልበታቸውን ሳምኩልህ። የማሞቁን አነበብኩ፤ “ግማሽ ሰዓት! አየሽ፣ አይቸኩልም” አሉ። ፈገግ አሉ። ከዚያ ፍርድህ ላይ ደረስኩ።

አላነበብኩትም። ከአፌ የወጣው ሌላ ነው። “ሁለተኛዋ እንደ ትንኝ ትጮኻለች፤ ከሱቅ ዕቃ ጋር የተደባለቀች ትመስለኛለች ይላል” አልኳቸው።

አልጋውን እንዴት እንደመቱት ብታይ! “አላልኩሽም! አላልኩሽም! አንቺ ያለፍሻትን እሱ አገኛት!” ተቆጡኝም፤ ዕቃ የምትደባልቂ ዝርክርክ አሉኝ። ከዚያ “ሳጥኑ የማቲዎስ ነው፤ ሲመጣ ይውሰደው” አሉ። ትንኟን የሰማሁት እኔ ነኝ፤ የተሞገስከው አንተ ነህ። ለምን እንዳደረግሁት አትጠይቀኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንድትወድቅ ስመኝ ኖሬ፣ ልትወድቅ ስትል እጄ ሳያማክረኝ ሄዶ ደገፈህ። አሁን ደግሞ በዚያም እቃጠላለሁ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህና ላብቃ። ያቺን ቫልቭ በሱቄ ደጃፍ የሚያልፍ ሰው ይሰማታል። አንተ እንዴት አልሰማሃትም?

ሥርጉት

*

ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

እቱ፣

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አልሰማኋትም፣ ምክንያቱም ምንም አልሰማም።

ሠላሳ ዓመት በሥራዬ ከጄኔሬተር አጠገብ ስውል ጆሮዬ ጥቂት በጥቂት ሄደ። መጀመሪያ ወፍ ጠፋችብኝ፣ ከዚያ የስልክ ጥሪ። እማማን ልንቀብር ስመጣ የቀኝ ጆሮዬ ትንሽ ትሰማ ነበር፤ ለቅሶውን ከሩቅ ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ እሷም አለቀች። ብዙነሽ ከንፈሯን አይቼ ነው የማወራት። “አሁን ወጣ” የምትልሽ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነው። አትቀየሚያት፤ እኔ ነኝ ያስማልኳት።

ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ ምን እያልኩ ፈረድኩ ትያለሽ። አንቺ የጻፍሽውን ነዋ! ወረቀቱን ከቫልቩ ላይ ፈትቼ አነባለሁ። አንቺ “ታቋርጣለች” ስትዪ እኔ “ትስላለች” እላለሁ። አንቺ “ዝቅ ያለ ጉምጉምታ” ስትዪ እኔ “ራቅ ያለ ወፍጮ” እላለሁ። አስጌጬ መልሼ እልክልሻለሁ፣ አንቺም ታነቢላቸዋለሽ። አሁንም “ጸጥ ያለች” ብለሽ ጻፍሽ፣ ጸጥ ያለች አልኩ። ሸክላውን አድርጌ ስፒከሩ ላይ መዳፌን አሳርፌ ነበር። ከበሮ በመዳፍ ይገኛል። ትንኝን ግን መዳፍ አይሰማትም።

ለምን ዝም አልክ አትበዪኝ። ከአባባ ያለኝ ያ ብቻ ነበር፤ “የማቲዎስ ጆሮ”። አንቺ እጃቸውን ይዘሽ ሽንት ቤት ትወስጃቸዋለሽ፣ ጥፍራቸውን ትቆርጪያቸዋለሽ፣ ሲቆጡ የሚቆጡት አንቺን ነው። ብዙነሽ ደብዳቤሽን ሳነብ አይታ “በገዛ እህቱ የሚቀና ሽማግሌ” ብላኛለች። እኔ ለእሳቸው አንድ የመጋረጃ ታሪክ ነኝ። እሱንም ካጣሁ ምን ይተርፈኛል አልኩ። ስርቆት መሆኑን አውቀው ነበር። ይቅርታ ለማለት አራት ዓመት ፈጀብኝ።

ሳጥኑን አልወስድም። ሌላው ገጽ ለአባባ ነው። ከላይ እስከ ታች፣ አንድም ቃል ሳትቀንሺ አንብቢላቸው፤ አራት ዓመት ያሞገሱት ጆሮ የሥርጉት ነው ይላል።

ወንድምሽ ማቲዎስ

*

ወሰን፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

አነበብሽላቸው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አነበብኩ።

መጀመሪያ ግን አንድ ሳምንት አለቀስኩ። ለአንተም ለራሴም። ልጥለው ብዬ ጉድጓድ የቆፈርኩለት ሰው፣ ጉድጓዱን የማይሰማ ሆኖ ተገኘ። አንተ ይቅርታ ትጠይቀኛለህ፤ እኔስ ይቅርታ ሰጪ ማን ሆኜ ነው?

እሑድ ገጹን ዘርግቼ አንድም ቃል ሳልቀንስ አነበብኩላቸው። አባባ ምን እንዳሉ ልንገርህ? ሳቁ። ጥርስ ሳይኖራቸው ከት ብለው ሳቁ። “ሥርጉት፣ ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ” አሉኝ። “ማቲዎስ ደንቆረ፣ ጆሮው የእኔ ነው ብለሽ! ቅናት እዚህ ድረስ ያደርሳል?” ምዬ ወረቀቱን እጃቸው ላይ አኖርኩት። ዳበሱት። “ወረቀትማ ወረቀት ነው” አሉና መለሱልኝ።

ምን ልበላቸው? ባለፈው የሌለውን አንብቤላቸዋለሁ፤ አሁን ያለውን ሳነብ ማን ያምነኛል? አንባቢዋም እኔ፣ ተመስጋኟም እኔ። በእኔ አፍ የሚመጣ የእኔ ምስጋና ለካ ዋጋ የለውም። የትንኟን ነገርም ነገርኳቸው፣ ያኔ ያነበብኩት ከራሴ ነበር አልኳቸው። “እሱንም አሁን ፈጠርሽው” አሉ።

ስለዚህ መምጣት አለብህ። በራስህ አፍ ንገራቸው። የሚመልሱልህን እኔ አጠገብህ ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ። ለጥምቀት ና፤ ጥር 12 የካ ሚካኤልን አብረን እንሸኝና በማግስቱ ዳገቱን እንወጣለን። ያቺን ትንኝም ይዘሃት ና።

እህትህ ሥርጉት

*

እንጦጦ፣ ከአባባ አልጋ አጠገብ፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

አራት ዓመት በአውቶቡስ ስንጻጻፍ ኖረን ይኸው ዛሬ በአልጋ ማዶ እጽፍልሃለሁ።  እንደተስማማነው አንድም ቃል አልጨምርም።

አንተ ስትናገር እስከ መጨረሻው አዳመጡህ። ድምፅህ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ለራስህ ስለማይሰማህ ነው፤ ለእሳቸው ግን ጥሩ ነው። ስትጨርስ “ማቲዎስ” ብለው በቀስታ ጠሩህ። ሦስት ጊዜ ጠሩህ። አንተ መስኮቱን እያየህ ነበር። ያኔ ነው ያመኑት።

አሁን እጅህን ይዘው እያለቀሱ ነው። “ልጄን፣ ይህን ሁሉ ብቻህን ተሸከምከው” ይላሉ። እኔ እውነቱን ልጻፍልህ፤ አሁንም ቀናሁብህ። ለእኔ አልቅሰው አያውቁም። ይህን ለአንተ ብቻ ነው የጻፍኩት፣ እሳቸው አላሉትም።

“ስለ መጋረጃው ምንም አልዋሸህም” አሉ። “ያን ቀን ሰምተሃል፣ እሱ የአንተ ነው፣ ማንም አይወስድብህም” አሉ። ራስህን ነቀነቅህ፤ ገና ሳልጽፈው ከከንፈራቸው አገኘኸው መሰለኝ።

 

ሁለቱን ቫልቮች፣ ትንኟንና እውነተኛዋን፣ በአሮጌው አምፕሊፋየራቸው ላይ ስኪያቸው አሉኝ። ሰክቻቸዋለሁ፣ እየሞቁ ነው። ፍማቸውን አንተ ታያለህ። አባባ ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አዘንብለዋል፣ ፊታቸው ላይ ግን ምንም የለም።

ቆይ፣ እየተናገሩ ነው።

“እኔ ቀጭኑን አልሰማም፣ እሱ ጭራሽ አይሰማም” አሉ። አሁን ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። “ሥርጉት፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?” አሉ።

ማቲዎስ፣ ቃል በቃል ይህንን ነው ያሉት። መልሱን መጀመሪያ ለእሳቸው ልንገራቸውና ከዚያ እጽፍልሃለሁ፤ ጠብቀኝ።